በጎንደር ዝናብና ብርድ፦ ለፈረስ፣ ለውሻና ለድመት የቱን እንምረጥ?

ጎንደር ሁለት ብርድ አላት። አንዱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ከዝናቡ ጋር የሚከርመው፣ ጭቃና ጉም የማይለየው ነው። ሌላው ከኅዳር እስከ ጥር የሚዘልቀው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረው ደረቅ ብርድ ነው። እንስሳ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለሁለተኛው ነው፤ ብርድ ልብስ ይገዛል፣ በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ይወትፋል። ፈረሱን የሚጥለው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሌሊቱ በአብዛኛው ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አይወርድም። ጤነኛና ሆዱ የሞላ ጎልማሳ ፈረስ ደግሞ ፀጉሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ 5 ዲግሪንም፣ ከለመደ ከዚያ በታችም ሳይቸገር ያሳልፋል። ሲበርደው ፀጉሩ ይቆማል፤ በፀጉሩ መካከል የሚያዘው አየር ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ፀጉሩ ከረጠበ ግን ይተኛል፣ የተያዘው አየር ይወጣል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ለሊቱ 12 ዲግሪ ቢሆንም ፈረሱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ እንስሳውን ያደርቀዋል ወይስ ያረጥበዋል? ዳባት ወይም ደባርቅ ላለ አንባቢ ከፍታውም ውርጩም ስለሚጨምር ለብርዱ ከእኔ ይልቅ ትንሽ ክብደት ቢሰጥ አይፈረድበትም።

ጋጣው፦ ዝግ ክፍል፣ ሦስት ግድግዳ ወይስ ዳስ?

ዝግ ክፍል ሌባ ለሚያሰጋበት ሰፈር ተመራጭ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ አየሩ ነው። የፈረስ ሽንት በተዘጋ ቤት ሲታፈን የሚወጣው የሚያቃጥል ሽታ ሳንባውን ይጎዳል፤ ሳሉም ክረምቱን ሙሉ አይለቀውም። ክፍሉ መታፈን አለመታፈኑን ለማወቅ ቆሞ ማሽተት አይበቃም። ማለዳ በሩ ገና እንደተከፈተ ገብተው ቁጢጥ ይበሉ፤ አፍንጫዎን ፈረሱ ተኝቶ በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ አድርገው ጥቂት ይቆዩ። ዓይንዎ እንባ ካቀረረ ፈረሱ ሌሊቱን ሙሉ የተነፈሰው እሱን ነው። ክፍሉን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ከጣሪያው ሥር በሁለት ወገን የአንድ ክንድ ያህል ክፍተት ቢተው ነፋሱ ከፈረሱ ጀርባ በላይ ያልፋል፣ ሽታውንም ይዞ ይወጣል።

ሦስት ግድግዳ ኖሮት አንዱ ወገን ክፍት የሆነ ጋጣ ለእኔ ከሁሉም ይሻላል። ክፍቱ ወገን ዝናብ ወርውሮ ከሚያስገባው አቅጣጫ ተቃራኒ መሆን አለበት። አቅጣጫውን ለማወቅ በሐምሌ አንድ ዶፍ በዘነበ ማግስት የግቢዎን ግድግዳዎች መዞር ይበቃል፤ የትኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደረጠበ በግልጽ ይታያል። በአራት እንጨት ላይ የተዘረጋ ዳስ ደግሞ ለበጋ ቀን ፀሐይ ጥሩ ነው፤ በነሐሴ ግን ፈረሱን ከጎኑ እያረጠበ ከላዩ ብቻ ይከልለዋል።

ክዳኑን በተመለከተ የሣር ክዳን ሙቀት ይይዛል፣ በረዶ ሲጥልም ጸጥ ይላል። የቆርቆሮ ጩኸት ያልለመደ ፈረስ በበረዶ ሰዓት ገመዱን በጥሶ ሊወጣ እንደሚችል ልብ ይበሉ። ሆኖም የሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ከላይ ባነሳሁት ጥያቄ ሲመዘን ቆርቆሮው ያሸንፋል። ጣሪያው ከግድግዳው ወደ ውጭ በደንብ ይውጣ፤ ጠፈጠፉ የሚወርድበት መስመር ላይም ቦይ ይቆፈር። ቦይ ከሌለ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ደጃፉን ማጥ ያደርገዋል፣ ፈረሱም በወጣ በገባ ቁጥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይዘፈቃል።

ወለሉ፦ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ

በእጅዎ ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለወለሉ ያውሉት። ሲሚንቶ ንጹሕ ይመስላል፣ ለመጥረግም ይመቻል፤ ነገር ግን ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሽንቱንም አያሳልፍም። ብዙ ጉዝጓዝ የማይገዛ ሰው ሲሚንቶ ባያስደርግ ይመረጣል። ጣውላ ከእግር ሥር ይሞቃል፤ ግን ይበሰብሳል፣ ይነቃል፣ የነቃው ቦታ ደግሞ እግር ይሰብራል። ጎንደር ድንጋይ ስለማይቸግራት የድንጋይ ንጣፍ የብዙ ግቢ ምርጫ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ውሃው ስለሚሰርግ ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ድንጋዩ ሹል እንዳይሆንና እንዳይንቀጠቀጥ ግን ጥሩ እጅ ያለው ሰው ያንጥፈው። ባዶ አፈር፣ በተለይ ወደ ደንቢያ በኩል እንዳለው ያለ ዋልካ አፈር፣ በክረምት ወለል አይባልም።

እኔ የምመርጠው ጠጠርን ነው። መሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፈራል፤ ከሥር ጠርብ ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ላይ ደግሞ ቀይ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ ተደርጎ በደንብ ይጠቀጠቃል። የመጨረሻው ወለል ከደጁ መሬት ከፍ ማለት፣ ወደ ደጁም በትንሹ ማዘንበል አለበት። አንድ ባልዲ ውሃ ሲደፉበት ውሃው ወደ ጥግ ሄዶ ከቆመ ሥራው አላለቀም፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ሳይቀበል ይታረም።

ጉዝጓዙ ላይ የሚነሳው ክርክር ጭድና ሰጋቱራ ነው። ጭድ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል፣ ሽንት ይመጥጣል፤ ግን ዋጋው ከዓመት ዓመት ይወደዳል፣ ፈረሱም የተኛበትን ይበላዋል። በሽንት የረጠበ ጭድ የበላ ፈረስ ሆዱን ማመሙ አይቀርም። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በርካሽ ይገኛል፣ ሽንትንም ከጭድ ይልቅ ይመጥጣል፤ አቧራው ግን ለሳንባ መጥፎ ነው። ከመላጊያው የሚወጣውን ሰፋ ሰፋ ያለውን ፍቅፋቂ ይምረጡ፤ ሚስማር እንዳይኖርበትም በእጅዎ ይበትኑት። ሁለቱን ማዋሃድ ከሁለቱም ይበልጣል፦ ከሥር ሰጋቱራ፣ ከላይ ሳሳ ያለ የስንዴ ገለባ። የገብስ ገለባ ሹል ጢም ስላለው ከንፈርና ድድ ይወጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታው ለሰው ደስ ይላል እንጂ ምንም አይመጥጥም። የትኛውንም ቢመርጡ ፋንድያውና የረጠበው ክፍል በየቀኑ ካልወጣ ልዩነቱ ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ማልበስ ወይስ አለማልበስ?

አዘዞ አካባቢ ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ላስቲክ ጣል ተደርጎባቸው ዝናብ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ላስቲኩ ለቆመ ፈረስ ለጥቂት ደቂቃ ዝናቡን ይከላከልለታል። ለሚሠራ ፈረስ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ላቡ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይረጥባል፣ ጠርዙም ትከሻውን ይፍቀዋል። ሸራ ከላስቲክ ይሻላል። ሌሊቱን ጋጣ ውስጥ ለሚያድር ጤነኛና ደረቅ ፈረስ ከሁሉም የሚሻለው ምንም አለማልበስ ነው፤ ከባድ ብርድ ልብስ ፀጉሩን አስተኝቶ የራሱን መከላከያ ያሳጣዋል። የከሳ፣ ያረጀ፣ ከበሽታ ያገገመ ፈረስ ወይም በቅርብ የተወለደ ውርንጭላ ከሆነ ግን ይልበስ።

ላብና ዝናብ ያረጠበው ፈረስ ማታ ሲገባ የሚደረገው ነገር ከማንኛውም ልብስ ይበልጣል። ዕቃው ይውለቅ፤ ውሃው በመዳፍ ጠርዝ ወይም በለሰለሰ እንጨት ከአንገት ወደ ጭራ ይጨመቅ፤ ከዚያ በደረቅ ጆንያ ከፀጉሩ በተቃራኒ ይታሽ። አሁንም እርጥብ ከሆነ በጀርባውና በወገቡ ላይ ደረቅ ጭድ ይነስነስበትና ከላዩ ጆንያ ይልበስ። የላቡ እንፋሎት በጭዱ መካከል አልፎ ወደ ጆንያው ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅዎን በጆንያው ላይ ቢያሳልፉ የጆንያው ላይኛው ገጽ ይረጥባል፣ ከሥሩ ያለው የፈረሱ ፀጉር ግን ደርቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ጆንያውም ጭዱም ይነሣ። ጆንያ ስል ከቃጫ የተሠራውን ማለቴ ነው፤ የማዳበሪያው ከረጢት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ይህ ዘዴ ለጥምቀት ሰሞንም ይሠራል። በከተራና በጥምቀት በሠልፉና በግልቢያው የዋለ ፈረስ በላብ እንደታጠበ ነው የጥር ማታ የሚደርስበት። ባለቤቱ ደግሞ ግላሱን ሳያወልቅ ከጓደኛ ጋር ጨዋታ ይይዛል። በፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ሕንፃ ትውፊት የፈረስ መቃብር፣ የዞብል መቃብር ይላታል፤ ለፈረስ መቃብር አሠራች የምትባል ከተማ ልጆች ፈረሳቸውን ላቡ ሳይደርቅ በብርድ ማቆማቸው አያምርባቸውም። ከግልቢያው በኋላ ፈረሱ እስኪቀዘቅዝ በእግሩ ይንሸራሸር፤ ትንፋሹ ሲረጋጋና ደረቱ በእጅ ሲነካ ሙቀቱ ወደ ወትሮው ሲመለስ ወደ ቤት ይግባ።

መኖና ውሃ

ፈረስ በብርድ ጊዜ የሚሞቀው ከምድጃ ይልቅ ከሆዱ ነው። ጭድ፣ ገለባና ድርቆሽ በኋለኛው አንጀቱ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ እህል ግን በፊት ተፈጭቶ ስለሚያልቅ ይህን ያህል አያሞቅም። «ብርድ ነው፣ ገብስ ጨምርለት» የሚለው ምክር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ጋሪ የሚጎትት ወይም የከሳ ፈረስ ገብስ ያስፈልገዋል፤ ለብርዱ ብሎ ግን ከገብሱ በፊት ድርቆሹ ይጨመር፣ አብዛኛውም ለሌሊቱ ይተው። ከ200 እስከ 250 ኪሎ የሚመዝን የአገራችን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል፤ በብርድ ወራት ከዚህ በላይ ይፈልጋል።

የጭዱና የድርቆሹ ምርጫ ቀላል ነው፦ ጥሩ ድርቆሽ ካለ ድርቆሽ። ግን የክረምት ድርቆሽ ጥሩ ሆኖ አይቆይም። አንድ እጅ ሙሉ ወስደው ይክፈቱት፤ የአቧራ ጢስ ከወጣው ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተዎት ሻግቷል። ከብት ሊቋቋመው የሚችለውን ሻጋታ ፈረስ አይቋቋመውም፤ ሳንባውንም ሆዱንም ይጎዳዋል። ሻጋታ ድርቆሽ ከመስጠት ደረቅ ጭድ በፉርሽካ ለውሶ መስጠት ይሻላል። የኑግ ፋጉሎ ጥሩ ማጠናከሪያ ነው፣ በትንሹ። ጓያ ግን ከፈረስ ይራቅ። በደንቢያና በፎገራ የሚዘራው ጓያ ለሰው ብዙ ሲበላ እግር እንደሚያሰንፍ የታወቀ ነው፤ ፈረስም ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ለጓያ ፍሬ ስሱ ነው። እግሩ ይሰንፋል፣ ሲሮጥም ጉሮሮው ይጮኻል። «ርካሽ እህል» ተብሎ ከገበያ የመጣ ድብልቅ መኖ ካለ ጓያ እንዳይኖርበት ይለቀም።

በሐምሌና በነሐሴ ለምለሙ ሣር ሲመጣ ብዙ ሰው ጭዱን በአንድ ቀን ትቶ ፈረሱን ሣር ውስጥ ይለቀዋል። ይህ የሆድ ቁርጠት መጋበዝ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጭድ አብልቶ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማስጋጥ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማርዘም። ፈረሱ ሆዱን እየዞረ የሚያይ፣ መሬት የሚጭር፣ የሚንከባለል፣ ፋንድያም የማይጥል ከሆነ መኖውን አንሥተው ሐኪም ይጥሩ።

ውሃው ላይ የሚያወዛግበው ወንዝና ባልዲ ነው። ፈረሱን ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ መውሰድ ድካም ይቀንሳል፤ በክረምት መጨረሻና በጥቅምት ግን አልቅት አለ። ውሃ ሲጠጣ ትንሽዋ አልቅት አፍንጫው ወይም ምላሱ ሥር ትገባና እዚያው ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ምልክቱ ካንድ ወገን አፍንጫ ጠብ ጠብ የሚል ቀይ ደም ነው፤ ብዙ ሰው መጋኛ ወይም ምች መታው ይላል። ፈረሱን ወደ ብርሃን አዙረው ውሃ የያዘ ባልዲ አፍንጫው ሥር ቢያስጠጉለት አልቅቷ ወደ ውሃው ስትሳብ አንዳንዴ ራሷን ብቅ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ በጨርቅ በያዘ ጣት መያዝ ይቻላል። ያመለጠችው በጨው ውሃ ትላቀቃለች፣ ከዚያ ያለፈው የሐኪም ሥራ ነው። ስለዚህ ባልዲውን ይምረጡ፤ የወንዝ ውሃ ከሆነም በነጠላ ጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳ።

በደረቁ ብርድ ወራት ደግሞ ፈረስ በጣም የቀዘቀዘ ውሃ በቂ አድርጎ አይጠጣም። ጭድ በልቶ ውሃ ያነሰው ፈረስ አንጀቱ ይደርቃል። ውሃው ማለዳ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ ይዋልና ከሰዓት በኋላና ማታ ይሰጠው። የሚልሰው አሞሌ ጨው ጋጣው ውስጥ ካለ ጥማቱም ይጨምራል።

የብረት ጫማ በጭቃ ወራት

ሥራው በኮብልስቶንና በአስፋልት ላይ ከሆነ ጫማ ያስፈልገዋል። ክረምቱን በሣርና በጭቃ ለሚውል ፈረስ ግን ጫማው ጭቃውን አፍኖ ስለሚይዝ ባይደረግለት ይመረጣል። ጫማ ኖረም አልኖረም በየማታው ኮቴው ይነሣ፤ ሥሩ ካለው ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል በሁለቱም ጎን ያለው ጭቃ በእንጨት ይውጣ፣ ይሸተትም። ጥቁር ፈሳሽና የገማ ሽታ ካለ መበስበስ ጀምሯል። ያኔ ምንም መድኃኒት ደረቅ ወለልን አይተካም።

አህያና በቅሎ

የአህያ ፀጉር እንደ ፈረስ ውሃ አይከላከልም፤ ዝናብ ሰርጎ እስከ ቆዳዋ ይደርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ፈረሱን በጋጣ፣ አህያዋን በደጅ ያሳድራል። አንድ ቦታ ብቻ ካለ እሷ ትቅደም። በቅሎ በሁለቱ መካከል ናት፤ ከክረምቱ ይልቅ የሚያስቸግራት የኮርቻ ቁስል ነው።

ክትባት ወይስ ተኩስ?

በዝናቡ ማብቂያ ከትንኝ የሚመጣው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ አደገኛ ነው፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ከአፍንጫ አረፋ መውጣት። ወደ ሳንባ ከዘለቀ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚፈውስ መድኃኒትም የለውም። ክትባቱ ግን በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይመረታል። የሚወሰደው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ ለማስከተብ መሮጥ ለዚያ ዓመት ብዙ አይጠቅምም። ትንኙ የሚነድፈው ከጀንበር መጥለቂያ እስከ ንጋት ስለሆነ ፈረሱ ሳይመሽ ይግባ። ኩበት ማጨስ ትንኝ ያባርራል፣ ግን በዝግ ጋጣ ውስጥ ጢሱ ሳንባውን ይጎዳል፤ ጢሱ ከደጅ ይሁን።

በእግርና በደረት ላይ በተርታ የሚወጣ፣ የሚፈነዳና መግል የሚያፈስ እባጭ ካዩ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ልጓሙን፣ የጋሪውን ዕቃና ጆንያውን ለሌላ ፈረስ አያውሱ። እባጩን በጋለ ብረት መተኮስ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ተኩስ አዲስ ቁስል ይከፍታል፤ በክረምት ዝንብ ደግሞ አዲስ ቁስል አዲስ በር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለባት ከተማ ብረት የሚያግሉበት ምክንያት አይታየኝም። የትል መድኃኒትም በዝናቡ መግቢያና መውጫ ሁለት ጊዜ ይሰጥ።

ውሻ፦ በረንዳ፣ የራሱ ቤት ወይስ ከእኛ ጋር?

የአገራችን ውሻ ብርድ ይችላል፤ ቡችላ፣ ያረጀና ፀጉረ አጭር የውጭ ዝርያ ግን አይችልም። በረንዳ ላይ የሚያድር ውሻ ከዝናቡ ይተርፋል፣ ከሲሚንቶው ቅዝቃዜ ግን አይተርፍም፤ ቢያንስ አሮጌ ጣውላ ይነጠፍለት። የውሻ ቤት ሲሠራ ሁሉም ሰው ትልቅ ያደርገዋል። ውሻው ገብቶ ከዞረና ከተጠቀለለ ይበቃዋል፤ ቤቱን የሚያሞቀው የራሱ ትንፋሽ ስለሆነ ትልቁ ቤት ይበርደዋል። ከቆርቆሮ ይልቅ ጣውላ፣ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ በሩ በጎን በኩል። በውስጡ አሮጌ ልብስ ከማድረግ ጭድ ይሻላል፤ ልብስ እርጥበትና ቁንጫ ይይዛል፣ ጭድ ግን ተጥሎ ይቀየራል። ሌሊቱን በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነ ሰንሰለቱ እስከ ቤቱ ውስጥ መድረሱን ያረጋግጡ፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቤቱ አጠገብ ዝናብ ሲመታው የሚያድር ውሻ በየሰፈሩ አለ።

ቁንጫና መዥገር በክረምት ሲበዙ ነጭ ጋዝ የሚቀባ ሰው አለ። ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለው ይግዙ፤ ለውሻ የተገዛው ግን ለድመት አይሁን፣ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላልና።

ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀልና ለገና በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። ይህ ውሻው በሆዱ ትል እንዲያረባ፣ ከዚያም እንቁላሉ ወደ ልጆች እጅ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ሰው ላይም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚቋጥር በሽታ ያመጣል። ይቀበር ወይም በደንብ ይቀቀል።

በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ማመዛዘን የለም። ውሻም ድመትም ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተቡ፣ በየዓመቱም ይደገም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ግን መጀመሪያ ክትባቱን ይጀምር፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ድመት

ድመት የራሷን ቦታ ስለምትመርጥ እርስዎ የሚመርጡት ጥቂት ነው። በታኅሣሥ ምድጃ አጠገብ ትተኛለች፤ ከሰል ተያይዞ በሩ የሚዘጋበት ክፍል ግን ለእሷም ለቤተሰቡም አደገኛ ነው። ከሰሉ ከደጅ ነጥቶ ይግባ፣ መስኮቱም ትንሽ ክፍት ይተው። ሌላው ጥያቄ የአይጥ መርዝ ነው። ክረምት ሲገባ አይጥ ወደ ቤትና ወደ ጎተራ ስለሚሸሽ መርዝ ይገዛል፤ መርዝ የበላችውን አይጥ ደግሞ ድመቷ ትበላለች፣ ውሻውም ያገኛታል። ድመት ያለበት ቤት ወጥመድ ይጠቀም። መርዝ የግድ ከሆነ ድመቷ ለዚያን ሳምንት ተዘግታ ትቀለብ፤ የሞተው አይጥም በየጠዋቱ ተፈልጎ ይቀበር።